ደብሪቱ ያጠበችው ጌሾ

ከይፋት ቆላ ወደ ደጋው በሚያወጣው ዳገት ወገብ ላይ ሰፌድ አምባ የምትባል መንደር አለች። ከመንደሯ በስተምሥራቅ፣ ሁለት እርሻዎች በሚገናኙበት ተዳፋት ላይ፣ ከላይ እስከ ታች የወረደ ያረጀ የጌሾ መስመር ይታያል። ሰው ለስንዝር መሬት ዘመኑን ሙሉ ሲካሰስ በሚኖርበት በዚያ አገር፣ በዚህ መስመር ላይ ብቻ የወሰን ድንጋይ የለም፤ ተተክሎም አያውቅም ይባላል። ሌላም ነገር አለ። በሰፌድ አምባ ችግኝ የሚሰጥ ሰው ከነአፈሩ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ነጠላውን ዘርግቶ፣ ከአፈሩ አንዲት ቅንጣት ሳያራግፍ በሁለት እጁ ይቀበልና «አምኛለሁ» ይላል። ይህን ያላለ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ የሚጠይቅ እንግዳ የመጣ እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ ማን እንደላከው ይጠይቁታል፤ ከዚያ በኋላ፣ ደስ ካላቸው፣ የደብሪቱን ነገር ያጫውቱታል።

ደብሪቱ ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ያልወለደች ሴት ነበረች። ተጠራጣሪነቷ ከባሏ ሞት የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ አብሯት የተወለደ ነው የሚሉት ግን ይበዛሉ። ዶሮዋ እንቁላል ያቆመች እንደሆነ ጎረቤት አየብኝ ትላለች፤ ሰው ከወትሮው ረዘም አድርጎ ሰላም ያላት እንደሆነ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» እያለች ነገሩን ስታብሰለስል ቤቷ ትገባለች። መንደሩም ቢሆን ከሷ የሚሻል አልነበረም። በዚያን ጊዜ የሰፌድ አምባ ሰው እሳት ይዋዋስ ነበር፣ በሬም ይዋዋስ ነበር፤ አፈር ግን ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ግቢ አይሻገርም። መተት የሚቀበረው አፈር ውስጥ ነውና፣ ከሰው ግቢ የመጣ አፈር የተቀበረበትን ይዞ ይመጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ከጎረቤቱ የሚመለስ ሰው ደጃፉ ላይ እግሩን አራግፎ ነበር ወደ ቤቱ የሚገባው።

ባሏ ትቶላት የሞተው ያንን ተዳፋት ነው። ድንጋያም ስለሆነ ጤፍም ገብስም አይሆነውም፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ጦሙን አድሮ ነበር። የባሏ ወንድም ቸርነት ይህን አይቶ «የወንድሜን መሬት ዳዋ አለበሰችው» ብሎ ከሰሳት፤ የመንደሩ ጭቃ ሹም የነበሩት አቶ ወንድይራድም ሽማግሌ ሰብስበው እንዲህ ብለው ፈረዱ ይባላል፦ «ዘንድሮ ክረምት ይተከልበት። ለመስቀል አንዲት እግር እንኳ ጸድቃ ካየን መሬቱ የደብሪቱ ነው። ካላየን ቸርነት ይረከበው።» ደብሪቱ ሌላ መሬት አልነበራትም። ይህን ከተነጠቀች በቸርነት ጓሮ ጥግ ጎጆ ይቀለስላታል፣ የቸርነት ሚስት በምትሰፍርላት እህል እየኖረች ታረጃለች።

በዚያ ድንጋያማ መሬት ላይ ይበቅላል ተብሎ ተስፋ የሚደረግበት ጌሾ ብቻ ነው፤ ጌሾ ደግሞ በመንደሩ ውስጥ የነበረው በአንድ ሰው ጓሮ ነው፤ ያም ሰው የደብሪቱ ኩታ ገጠም ጎረቤት አያ ገብረየስ ነው። ገብረየስ የአገሩ ተወላጅ አልነበረም። ከወዲያ ከሰሜን በኩል እንደመጣ ይነገራል። መጀመሪያ መንደር የገባ ዕለት በጀርባው አገልግል አዝሎ ነበርና፣ ሰዎች ስንቅ መስሏቸው «ክፈተው እስቲ፣ ምን ይዘህ መጣህ?» ቢሉት፣ ውስጡ አፈር፣ አፈሩም ላይ አንዲት የጌሾ ችግኝ ተገኘች። ሰው ስንቅ ቋጥሮ ይመጣል እንጂ አፈር ቋጥሮ ይመጣል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም በዓይኑ ጥግ ነበር የሚያየው። እሱም ቃል አይበዛበትም። የረገፈ ቅጠል ከዛፍ ሥር እየጠረገ የጌሾው እግር ላይ ይከምራል፣ ከብስባሹ ሥር አፈር በጣቱ አንስቶ ያሸታል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ይህን በአጥር ቀዳዳ ያዩ ሴቶች ወሬውን ውሃ እስኪቀዱ ድረስ እንኳ አላቆዩትም። ጌሾው ግን እንደ ጉድ ያድግ ነበር።

ደብሪቱ ብዙ ቀን አመነታች። በመጨረሻ ግን ሰኔ ሲጠባ፣ አማራጭ ስታጣ፣ አጥሩ ጋ ቆማ ጠራችው።

«አያ ገብረየስ፣ አፈር ስሆን፣ ከጌሾህ ችግኝ ስጠኝ።»

«ምን ችግር አለው፣ ዝናቡ መሬቱን ይምታውና ነይ» አላት።

ዝናቡ መትቶ ስትሄድ ችግኞቹን አዘጋጅቶ ጠበቃት። አንዱንም ጎትቶ አልነቀለውም፤ እያንዳንዱን ከነጓሉ ቆፍሮ አውጥቶ፣ አፈሩ እንዳይፈርስ በልጥ ጠፍሮ አስሮታል። ደብሪቱ ያን ሁሉ አፈር ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«አፈሩን እንዳትነኪው» አላት። «እንዳለ ትከይው።»

«ለምንድን ነው የማልነካው?»

«እኔ እንጃ፣ እህቴ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

እንቅቧን ሞልታ፣ አዝላ፣ የተዳፋቱን የላይኛ እርከን ተሻግራ ወደ ቤቷ ሄደች። እርከኑ ላይ ድንጋይ አደናቅፏት ልትወድቅ ስትል ተንገዳግዳ እንደቆመች ይነገራል፤ ይህ በኋላ ይመጣል። እሷ ያን ጊዜ ልቧ ከእግሯ ጋር አልነበረም። ነገሩ አልዋጥላት ብሎ ነበር። ሰው ችግኝ ይሰጣል፤ አፈር ግን ምን ብሎ ይሰጣል? ሰጠም እሺ፤ እንዳትነኪው ማለትስ ምንድን ነው? እንዳይነካ የሚባለው የተቀበረበት ነገር ያለው አይደል? «አባቴ» ማለቱንም አልወደደችውም። አባቱን ማን አይቶት ያውቃል?

ስለዚህ እቤቷ ስትደርስ ለራሷ ብልሃት ያለችውን አደረገች። ከኪዳነ ምሕረት ጠበል በእንስራ አስቀድታ ያስቀመጠችውን ውሃ ገበታ ላይ አፈሰሰችና፣ ልጡን እየፈታች፣ ጓሉን እያፈረሰች፣ የችግኞቹን ሥር አንድ በአንድ አጠበች። በሥሮቹ መሐል የተሸጎጠውን አፈር በጥፍሯ ፈለፈለችው፤ ሥሩ ነጭ እስኪሆን አለቀለቀችው። አፈሩንና ልጡን አጥር ውጭ ደፋች። ከዚያ ተዳፋቱን አጽድታ፣ ቅጠል እንኳ ያልቀረበትን ጥርግ ያለ ጉድጓድ ቆፍራ፣ በራሷ አፈር ተከለቻቸው። ማጠቧን ለማንም አልተናገረችም። ተንኮለኛ ተንኮሉ መክሸፉን ካወቀ ሌላ ይፈጥራል ብላ ነው።

ችግኞቹ ዝናብ ሳይጎድላቸው ጠወለጉ። መጀመሪያ ቅጠላቸው ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ከጫፍ ጀምረው ደረቁ፤ ነሐሴ ሲገባ ተዳፋቱ ላይ የቀረው እንጨት ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን አጠፋሁ?» ይል ይሆናል። ደብሪቱ ግን በአንድ ነገር ብቻ ነበር የተገረመችው፤ ጠበል እንኳ ያልፈታው መተት ምን ያህል ብርቱ ቢሆን ነው እያለች ገብረየስን ከበፊቱ ይልቅ ፈራችው። በዚያው ሰሞን ቸርነትና ገብረየስ ወንዝ ዳር ቆመው ሲነጋገሩ አየች። የሚነጋገሩት ስለ አህያ ኪራይ ነበር ይባላል፤ ለደብሪቱ ግን ሁለት ሰው ቆሞ ከተነጋገረ የሚነጋገረው ስለሷ ነው።

ከዚያ አንድ ጠዋት የላይኛው እርከን ላይ፣ በድንጋዮች መሐል፣ አንዲት ጌሾ አየች። አረንጓዴ ናት፤ አዲስ ቅጠል አውጥታለች፤ ክንድ ያህልም አድጋለች። እሷ እዚያ ቦታ አልተከለችም። እጆቿን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ ምክንያቱም ፍርዱ አንዲት እግር ነው ያለው። ደብሪቱ ግን እንዲህ አሰበች፦ የኔ ሁሉ ሞቶ ይህቺ ብቻ እንዴት ቆመች? ገብረየስ ተክሏት ነዋ። ነገ መስቀል ሲደርስ «እኔ ነኝ ያለማሁት» ብሎ መሬቴን ሊወስድ፤ ወይም ከቸርነት ጋር ሊካፈል። የኔንም የገደለው ከዚህቺ ሥር የቀበረው ነገር ነው። እንዲህ ስታስበው ሁሉም ነገር ተገጣጠመላት፤ ተጠራጣሪ ሰው ደግሞ የተገጣጠመለትን ነገር አይለቅም። በዚያው እግሯ ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄደች።

«ጌታው፣ መሬቴ ላይ መተት ተቀብሮብኛል» አለች።

የመተት ነገር ከተነሣ ቀላል አልነበረም። መተተኛ ተብሎ የተፈረደበት ሰው ቤቱ ይቃጠላል፣ እሱም ከአገር ይባረራል፤ መተት በተቀበረበት መሬት ላይ የተሰጠ ፍርድም ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ይታገዳል። ደብሪቱ ይህን የመጨረሻውን ታውቅ ነበር። አቶ ወንድይራድ አውጫጭኝ ጠሩ። በአውጫጭኝ የመንደሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ የሚያውቀውንም እስኪያወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሾላው ሥር ሁሉም ተቀመጠ። አንዱ አገልግሉን አነሣ፣ አንዱ አፈር ማሽተቱን አነሣ፣ አንዷ ላሟ ወተት የነሳቻት እሱ በደጇ ካለፈ ጀምሮ መሆኑን አስታወሰች። ማንም አላየሁም የሚል አልነበረም። ገብረየስ ጋቢውን ተከናንቦ አዳመጠ።

«ምን ትላለህ?» አሉት ጭቃ ሹሙ።

«ቆፍሩት» አለ። «ካገኛችሁ ቤቴን አቃጥሉት።»

መንደሩ ተግተልትሎ ተዳፋቱ ላይ ወጣ። ይሁን እንጂ እዚያ ሲደርስ፣ ያ ሁሉ የሚያውቅና ያየ ሰው፣ እጁን ወደ አፈሩ የሚያስገባ ጠፋ። ቆፋሪዋ ደብሪቱ ራሷ ሆነች። በዶማ ዙሪያውን ፈነቀለች፣ ከዚያ ተንበርክካ ጌሾዋን ከነጓሏ ጎትታ አወጣቻት፣ ጓሉንም ለሁለት ገመሰችው። በአፈሩ ውስጥ፣ ሥሩን ተከትሎ፣ ሲያዩት እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር ተጠላልፎ ነበር።

«ክሩ! የመተቱ ክር ያውላችሁ!» ብሎ ሰው ጮኸ። ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ደብሪቱ በዚያች ቅጽበት የተሰማትን ደስታ ለመደበቅ አልቻለችም ይባላል። መሬቷ ተረፈ።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ደብሪቱን የሚያከብሯት ከዚህ በኋላ ባደረገችው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያቆም ነበር። ደብሪቱ ግን ክሩንም ጠረጠረችው። የመተት ክር የተፈተለ ነው፣ ቋጠሮም አለው ሲባል ሰምታለች፤ ይህኛው በጣቷ ስትነካው ይበጠሳል፣ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። በጓሉ ላይ ደግሞ የበሰበሰ ልጥ ተጣብቆ አገኘች። ልጡን አወቀችው፤ ገብረየስ ያሰረበት ነው። ዓይኗን ወደ እርከኑ ድንጋይ አነሣች፤ ያደናቀፋት ድንጋይ እዚያው ነበር። ማንም አልተከላትም። ከእንቅቧ ወድቃ ነው።

«የሱንም ጓሮ እንየው» አለች።

ገብረየስ መንገድ ለቀቀላት። በትልቁ ጌሾ እግር ብስባሹን ገልጣ ቆፈረች። ያው ነጭ ክር፣ እንዲያውም በዝቶ፣ ከሥሩ ጋር ተሳስቦ፣ የመሬት ትሎችም በመሐሉ ሲርመሰመሱ አገኘች። «የራሱን ለመጠበቅ ያሰረው ነዋ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ደብሪቱ ይህንንም አላመነችም። ዶማዋን ይዛ ወደ ኪዳነ ምሕረት ወጣች፤ መንደሩም ተከተላት። በቅጥሩ ውስጥ ማንም ከማይነካው ከትልቁ ወይራ ሥር፣ ጭቃ ሹሙን አስፈቅዳ፣ ቅጠሉን ገልጣ ጭብጥ አፈር አነሣች። ያው ክር ነው።

«ይሄንንስ እሱ አሰረው?» አለች።

አቶ ወንድይራድ ግን ነገር የሚገባቸው ሰው ነበሩ። «የደረቁብሽንስ እስቲ ንቀያቸው» አሏት። ተመልሰው ሲነቅሏቸው ሥራቸው ራቁቱን ነው፤ ቡናማ፣ ደረቅ፣ አፈርም ያልያዘ፣ ክርም የሌለበት። ጭቃ ሹሙ አንዱን በእጃቸው አገላበጡት።

«ክር ያለበት ሁሉ ለምልሟል። ክር የሌለበት ደርቋል። ከአንድ ጓሮ ነው የመጡት። ምን አድርገሻቸው ነው፣ ደብሪቱ?»

ዝም ብትል ነገሩ እንደተድበሰበሰ ይቀራል፤ ፍርዱ ይታገዳል፤ መንደሩም ቀድሞውኑ ስለጠላው የገብረየስን ቤት ያቃጥላል። ብትናገር ያጠፋችው ራሷ ናት፤ መሬቱን የሚያተርፍላት ምክንያት የላትም። ገብረየስን አየችው። እሱ እሷን አላየም፤ የሚያየው የተነቀለችውን ጌሾ ነበር፤ ሥሯ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ነበርና አሳዝናው ይሆናል።

«አጥቤያቸዋለሁ» አለች።

«በምን?»

«በጠበል።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ያልሳቁት ገብረየስና ቸርነት ብቻ ነበሩ። ቸርነት ወደ ፊት ወጥቶ «እንግዲህ ፍርድ ፍርድ ነው፤ የጸደቀችውንም ራሷ ነቀለቻት» አለ። እውነቱን ነበር። መሬቷን ታድንላት የነበረችውን አንዲት እግር፣ ክፋት ፍለጋ፣ በገዛ እጇ ነቅላታለች። ደብሪቱ አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀሰች ይባላል። የቸርነት ዘሮች አላለቀሰችም፣ ተሳደበች እንጂ ይላሉ፤ የእነሱ ቃል ግን በዚህ ነገር ላይ በጥንቃቄ ነው የሚወሰደው።

ጭቃ ሹሙ «ቀኑ መስቀል ነው ያልነው፤ መስቀል ገና ነው» አሉ።

በዚህ መሐል ገብረየስ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰዉ ተቀይሞ የሄደ መሰለው፤ ቢቀየምም የሚፈርድበት አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ግን ጋቢውን ቋጥሮ ተመለሰ፤ ቋጠሮውን ሲፈታው ከትልቁ ጌሾ ሥር የወጣ ጥቁር አፈር ነው። ደብሪቱ ፊት ቆመ።

«ከጌሾዋ ሥር አድርጊው» አላት። «ከፈለግሽ።»

ከሰው ግቢ የመጣ አፈር፣ በአደባባይ፣ ሊያባርሩት ከነበረ ሰው እጅ። ደብሪቱ አፈሩን አየችው። በጣቷ ነካካችው፣ ገለባበጠችው፣ አሸተተችው፤ ልማዷ ነውና አልተዋትም። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋችና በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«አምኛለሁ» አለች።

ያን ጊዜ ከልቧ አምናው እንደሆነ ማንም ሊምል አይችልም። ግን አለችው። ጌሾዋን ከነጓሏ መለሰች፣ የገብረየስን አፈር ዙሪያዋን ጠቀጠቀች፣ በላይዋም ብስባሽ አለበሰች። በማግሥቱ ቅጠሏ ተንጠለጠለ። ቸርነት በየጠዋቱ እየመጣ ያያት ነበር፤ ደብሪቱም ቸርነት ጥፍሩን እንዳያሳርፍባት ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። ለመስቀል ደመራው ሲበራ፣ ጭቃ ሹሙ ችቦአቸውን ይዘው እርከኑ ላይ ወጡ፤ ጌሾዋ ቀና ብላ፣ ከግንዷ ጎን አዲስ ቅጠል አውጥታ ጠበቀቻቸው። መሬቱ የደብሪቱ ሆነ። በሚቀጥለው ክረምት ገብረየስ ሌሎች ችግኞች ከነአፈራቸው ሰጣት፣ ሁለቱም ከላይ እስከ ታች በአዋሳኛቸው ላይ ተከሏቸው። የወሰን ድንጋይ እናስቀምጥ ያለ ከሁለቱ አንድም አልነበረም።

ዓመታት አልፈው ገብረየስ ሲሞት ዘመድ የሚባል አልነበረውም። መንደሩ ቀባሪ ሆኖ ወጣ፤ መቃብሩ ከተቆፈረ በኋላ ደብሪቱ፣ ያን ጊዜ አርጅታ፣ ነጠላዋን ቋጥራ መጣች። ከትልቁ ጌሾ ሥር ያወጣችው አፈር ነበር።

«የሰው ግቢ አፈር ሬሳ ላይ ይደረጋል?» ብሎ አንድ ሰው አጉረመረመ።

«የራሱ አፈር ነው» አለችው። «በአገልግል አዝሎት የመጣ።»

ከአገሩ ይዞት የመጣውን መልሳ አለበሰችው። ከዚያ በኋላ ሰፌድ አምባ የራሱን አፈር ጨመረበት።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ችግኝ ከነአፈሩ የሚሰጠው፣ «አምኛለሁ» ተብሎም የሚወሰደው። ዛሬም ቢሆን ቃሉን ከማለታቸው በፊት አፈሩን በጣታቸው የማይነካኩ ጥቂት ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ይህን አይከለክሉም፣ ደብሪቱም ነካክታ ነው የተቀበለችው ይላሉ። በኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውስጥ፣ ከወይራው ዝቅ ብሎ፣ የገብረየስ ነው በሚባል ስም የሌለው መቃብር ራስጌ ላይ ጌሾ በቅሏል። ማን እንደተከለው የሚጠረጥር እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ የሚቆፍር ግን የለም።